ከለቅሶው ድንኳን ሥር

ባለቤቴ ባለችበት ይህን ታሪክ እስከ መጨረሻው አውርቼ አላውቅም። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ታቋርጠኛለች፤ «እንደሱ አልነበረም» ትላለች፤ እኔም ወዲያው መጠራጠር እጀምራለሁ። ስለዚህ እርሷ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ልጽፈው ተቀምጫለሁ። ቢሆንም የምትቃወምባቸውን ቦታዎች አልደብቅም፤ ሲደርሱ እናገራለሁ።

በዚያን ዘመን በቶሮንቶ ሰሜን ምዕራብ በኩል አዲስ የባቡር መስመር ሊሠራ ታስቦ ነበር። ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት መስመሩ የሚያልፍበት መሬት መመርመር አለበት። ባቡር ከባድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ከክብደቱ ይልቅ የሚከፋው ግን ቀን ከሌት የማያቋርጠው ንዝረቱ ነው። ሲያዩት ድፍን የሚመስል መሬት፣ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ውሃ ለብዙ ዘመን ሲጠርገው ኖሮ ስስ ጣሪያ ብቻ ቀርቶት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መሬት ሣር ያበቅላል፣ ቤት ይሸከማል፣ ልጆች ይሯሯጡበታል፤ አንድ ቀን ደግሞ ይሰምጣል። የእኔ ሥራ ያ ቀን ከመድረሱ በፊት ባዶውን ማግኘት ነበር። አገር ቤት በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ጂኦፊዚክስ ነው። ቶሮንቶ ከገባሁ በኋላ ለጥቂት ዓመታት በመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጬ ትኬት ስሰጥ ከቆየሁ በኋላ አንድ አነስተኛ የመሬት ጥናት ድርጅት ቀጠረኝ።

መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር አለ። ሥዕል ስለሚያሳይ ሰው ሁሉ የሚወደው እሱን ነው። የዚያ ሰፈር አፈር ግን ድፍን ሸክላ ነው፤ ሸክላ የራዳሩን ሞገድ ውጦ ያስቀረዋል። በዚህ ምክንያት እኛ የምንሠራው በስበት መለኪያ ነበር። ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ አፈር ወይም አለት ካለ የመሬት ስበት በጥቂቱ ይጠነክራል፤ ባዶ ካለ በጥቂቱ ይላላል። መሣሪያው ያችን የማትታወቅ ልዩነት ይለካል። ከሥር ያለው ምን እንደሆነ አይነግርህም፤ የሆነ ነገር መጉደሉን ብቻ ይነግርሃል።

መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁመህ፣ ሚዛኑን አስተካክለህ፣ ትንፋሽህን ዋጥ አድርገህ ትጠብቃለህ። የሚያልፍ አውቶቡስ ያውከዋል፤ ንፋስ ያውከዋል፤ የራስህ እግር እንኳ ያውከዋል። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ይደክማል። ቀኑ በገፋ መጠን ንባቡ ራሱ ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ተነሣህበት ነጥብ ተመልሰህ ትለካለህ፤ የተንሸራተተውን ያህል ከሌሎቹ ላይ ትቀንሳለህ። ለትዝታ እንዲህ ያለ መመለሻ ነጥብ አልተሠራለትም። እኔ ያለችኝ ባለቤቴ ናት።

የኦገስት መጨረሻ ነበር። ከጄን ኤንድ ፊንች መገናኛ ትንሽ ራቅ ብሎ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ምሰሶዎች የተደረደሩበት ረጅም ሣር አለ፤ በአንድ ወገኑ ጎን ለጎን የተሠሩ ቤቶች ጓሮ ያዋስነዋል። ዓርብ ቀን በጓሮዎቹ የእንጨት አጥር ትይዩ እየለካን ወረድን። አየሩ እርጥብ ስለነበር ከራሳችን በላይ ያሉት ሽቦዎች እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርሙ ነበር። የቡድናችን መሪ ከሰሜን የማዕድን ከተማ የመጣ ፈረንጅ ነው፤ ከወሬ ይልቅ ማስቲካ ይወዳል። ከቀትር በኋላ አንድ ቦታ ላይ ንባቡ ዝቅ አለ። ወደ ተነሣንበት ነጥብ ተመልሰን አረጋገጥን። እንደገና ለካን፤ እንደገና ዝቅ አለ።

መሪያችን ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። «በድሮው ካርታ በዚህ በኩል ጅረት ነበር» አለ። «ሰፈሩን ሲሠሩ ቀብረውታል።»

«ባዶ ነው ትላለህ?»

«ጎድሏል ነው የምለው። ምን እንደጎደለ ሰኞ መሰርሰሪያው ይነግረናል።» ሣሩ ላይ ሮዝ ቀለም ረጭቶ ምልክት አደረገ።

ያን ጊዜ ቀና ስል በአጥሩ አናት ላይ ጎመን ታየኝ። ከሥር ከሥሩ ቅጠሉን እየሸመጠጡ ግንዱን ያስረዘሙት፣ ከአጥር በላይ የወጣ የሐበሻ ጎመን። «የኛ ሰው አለ ማለት ነው» ብዬ ፈገግ አልሁ። ይህ ፈገግታ በደንብ ትዝ ይለኛል። ትዝ የማይለኝ፣ ጎመኑን ያየሁት ንባቡ ዝቅ ባለበት ነጥብ ላይ ቆሜ ነው ወይስ ዕቃችንን ሸክፈን ስንመለስ የሚለው ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ሁለት ቤት፣ ምናልባት ሦስት ቤት ያህል ርቀት አለ።

በማግስቱ ባለቤቴ «ለቅሶ አለ» አለችኝ። በዕድራችን ስብሰባ ከሩቅ የማውቃቸው አዛውንት ሆስፒታል ውስጥ አርፈው ቀብራቸው በዚያው ጠዋት ተፈጽሟል። ዘግይተን ስለሰማን ለቀብሩ አልደረስንም። የታሸገ ውሃ ገዝተን በአድራሻው ሄድን። ቤቱን ከፊት ለፊት ሳየው ምንም አልመሰለኝም፤ በዚያ መንገድ ያሉት ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። በቤቱ ጎን ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ወደ ጓሮ ስንዘልቅ ግን ነጩ ድንኳን ከፊቴ ቆሟል፤ ከድንኳኑ ጀርባ የእንጨቱ አጥር፣ በአጥሩ ሥር ጎመኑ፣ ከአጥሩ ማዶ የኤሌክትሪኩ ምሰሶ ይታየኛል። ጓሮውን ከዚያኛው ወገን አውቀው ነበር፤ አሁን ከውስጥ እያየሁት ነው።

ሰው ብዙ ነበር። ቤቱ ስለማይበቃ ሴቶቹም ወንዶቹም ውጭ ናቸው። ወንዶቹ በነጭ የፕላስቲክ ወንበር ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው የሞቱባቸው እናት ከድንኳኑ መካከል፣ ሸራውን ከያዘው ምሰሶ አጠገብ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሟቹ ፎቶግራፍ ዳር ዳሩን በጥቁር ነጠላ ተከቦ ከጎናቸው ቆሟል። እጅ ነሥቼ ተቀመጥሁ። ሽቦዎቹ ዛሬም ያጉረመርማሉ።

ምግብ ሲቀርብ አንድ ሰው ጆግና ሳህን ይዞ አዛውንቶችን እጅ ማስታጠብ ጀመረ። ሳህኑ በሞላ ቁጥር ከምሰሶው ሥር ይደፋዋል። እኔ የማየው ሰውየውን ሳይሆን ውሃውን ነበር። ያ ሰፈር ሸክላ ነው ብያለሁ፤ ሸክላ ውሃ አይጠጣም፤ በላዩ ላይ ይዞ ያንጣለለዋል። ያ ውሃ ግን አልተንጣለለም። ተደፋ፣ ጠፋ። እንደገና ተደፋ፣ እንደገና ጠፋ። ሣሩ ርሶ እንኳ አይታይም።

ያመጣነውን አንድ ጠርሙስ ከፍቼ ወደ ምሰሶው ሄድሁና ጎንበስ ብዬ በቀስታ አፈሰስሁ። ውሃው እንደ ፈሰሰ ወረደ። ጥቂት ቆይቶ ከሥር፣ ከራቀ ቦታ፣ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። የጠብታ ድምፅ አልነበረም። ጣራ ላይ በካልሲ የሚሄድ ሰው ዓይነት ነበር። ባለቤቴ አጠገቤ እንደነበረችና ምንም እንዳልሰማች ትናገራለች። እኔ አጠገቤ መሆኗን አላስታውስም።

«ኢንጂነር፣ ጎመኑ ወዲያ ነው፤ ምሰሶ አይበቅልም» አለኝ አንድ ድምፅ። የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ አንድ ዘመን አገር ቤት ትምህርት ቤት ያስተዳደሩ፣ አሁንም ሰውን ሁሉ በዓይናቸው ብቻ የሚቀጡ ሽማግሌ። ወደ አጥሩ ገለል አደረግኋቸው። በአጥሩ ስንጥቅ ሳይ ማዶ ሮዝ ቀለሙ ነበረ፤ ግን ትክክል ከፊቴ ይሁን ወይስ ወደ ጎረቤት ያደላ፣ ስንጥቁ ጠባብ ስለሆነ መወሰን አልቻልሁም። ጎረቤት ጓሮም ቢሆን ጎመን የሚመስል ረጅም ተክል ነበር፤ የጃማይካ ሴትዮ ናት የተከለችው።

«ጋሼ፣ ሰዎቹን ከዚህ ማንሳት አለብን።»

«ወዴት?»

«ወደ ፊት ለፊት፣ ድራይቭዌዩ አስፋልት ላይ። ከዚህ ሥር መሬቱ ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ትናንት በሥራ ለክተነው ነበር።»

«ሳይሆን አይቀርም?» አሉ ቃሉን እንደ ተማሪ ስህተት ይዘው። «ነው ወይስ አይደለም?»

«ትናንት የለካነው እዚህ ይሁን ጎረቤት ጋ በእርግጠኛነት አላስታውስም። አለቃዬን ኮል አደረግኩት፣ አያነሳም፤ ቅዳሜ ዓሣ ማጥመድ ነው የሚሄድ። የለካነው የተመዘገበበት ወረቀት ቢሮ ነው፤ ቢሮ ደግሞ ዝግ ነው።»

ወደ ድንኳኑ፣ ወደ ተቀመጠው ሰው፣ ወደ እኔ አዩ። «ስማኝ ወንድሜ። ለቅሶ ቤት መጥተህ መሬት ሊከፈት ነው ብትል ሟርተኛ ነው የምትባለው። ዩኒቨርሲቲ መግባትህን ማንም አያስታውስልህም። እኔም ካንተ ጋር ሟርተኛ ልባል ነው።» ወደ ፍራሹ በዓይናቸው ጠቆሙ። «እሳቸው ጋ ሂድና በቀስታ ንገራቸው። እሳቸው ከተነሱ ሁሉም ይነሳል።»

ምክሩ ልክ ነበር። ሁለታችንም ያላሰብነው ግን በዚያ ምክር ውስጥ ነበረ።

ፍራሹ አጠገብ በርከክ ብዬ በጆሯቸው ተናገርሁ። «እማማ፣ የባቡር መንገድ ሊሠራበት የሚጠና መሬት ላይ ነው የምሠራው። ይህ ጓሮ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ብዬ ፈርቻለሁ። እባክዎ ወደ ፊት ለፊት እንውጣ።»

እንደሚደነግጡ ገምቼ ነበር። አልደነገጡም። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ሰማኸው እንዴ?» አሉኝ።

«ምኑን፣ እማማ?»

«ከፋሲካ ጀምሮ እሱም ሲለኝ ነበር። ጎመኑን ሊያርም ይወጣና ይቀራል፤ ሄጄ ሳየው መሬት ላይ በደረቱ ተኝቷል፤ ‹ከሥር ሰው ይሄዳል› ይለኛል። እኔ ለልጄ ነገርኳት። ልጄ ለዶክተሩ ነገረችው። ዶክተሩ ኪኒን ሰጠው። ኪኒኑን ከጀመረ ወዲህ አልተናገረም። መስማት ትቶ ይሁን መናገር ትቶ፣ አንዱንም አላውቅ።»

«እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ እማማ። ልዋሽዎ አልፈልግም።»

«እሱም እርግጠኛ አልነበረም፣ ልጄ። ግን ነገረኝ።» ይህን ብለው እጄን ይዘው ተነሱ።

በእኛ ልማድ መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ አንባቢ የለም። አንድ ሰው ሐዘንተኛዋ አጠገብ ተንበርክኮ በጆሯ ሲያንሾካሹክ፣ እሷም ወዲያው ብድግ ስትል ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ አንዲት ሴት ጮኸች። ቀጥሎ ሌላዋ። «ደግሞ ማን? ደግሞ ማን?» የሚል ድምፅ በድንኳኑ ተዛመተ፤ ቁጭ ያለው ሁሉ ቆመ፤ የቆመው ሁሉ ወደ መካከል መጣ። ካናዳ የተወለደችው ሴት ልጃቸው ከኩሽና ሮጣ ወጥታ «ማሚ! ሌላ ማን ሞተ? ፕሊዝ ማሚ፣ ቴል ሚ!» እያለች አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ባዶ ነው ብዬ ከፈራሁት ቦታ ሰው ላንሳ ብዬ፣ በጓሮው ውስጥ የነበረውን ሰው ሁሉ እዚያ ቦታ ላይ ሰበሰብሁት።

ደረት ይመታል። እግር መሬት ይረግጣል። አንዲቱ አሮጊት «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!» እያሉ ይዘላሉ። ይህ ጩኸት በለቅሶ ቤት ስሰማው ያደግሁበት ነው፤ ትርጉሙን አስቤው አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ ግን እግራቸው ያረፈበትን ሣር አየሁ። «የለም! ማንም አልሞተም! ዞር በሉ!» ብዬ ጮኽሁ፤ በለቅሶ መካከል «ማንም አልሞተም» የሚል ወንድ ሐዘን ያሳበደው እንጂ ሌላ አይመስልም፤ ሁለት ጎረምሶች ሊያረጋጉኝ ክንዴን ይዘው ጭራሽ ወደ መሐል አስገቡኝ። እማማ በልጃቸውና በእኔ መካከል ተጣብቀው ቆመዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አይሰማም።

ያን ጊዜ የድንኳኑ ምሰሶ ወረደ። ምን ያህል እንደሆነ አልናገርም፤ ስንዝር የሚያህል ይመስለኛል። አልወደቀም፣ አልተሰበረም፤ ቀጥ እንዳለ ወደ ታች ገባ። ሸራው ከራሳችን በላይ ሆዱን ዘርግቶ ረገበ። ባለቤቴ በዚህ ቦታ ትቃወማለች፤ አንድ ሰው የድንኳኑን ገመድ ረግጦ ነው ትላለች። ሊሆን ይችላል። እኔ የማስታውሰው የምሰሶውን ሥር ነው፤ ሣሩ በዙሪያው እንደ ከንፈር ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር።

ሊቀመንበሩ ከየት እንደመጡ አላየሁም። ሰውን እየገፉ ገብተው እኔንም እማማንም አላዩም፤ ጎንበስ ብለው ፎቶግራፉን አነሱ። በሁለት እጃቸው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው፣ አገር ቤት ለቅሶ ሲወጣ እንደሚደረገው፣ «ወንድሜ! ወንድሜ! ወዴት ትሄዳለህ!» እያሉ ወደ መተላለፊያው መራመድ ጀመሩ። ድምፃቸው ጎርናና ነበር። እማማ የባላቸው ፊት ከሰው በላይ ሲርቅ አዩና እጄን ለቀው ተከተሉት። ሴቶቹ እማማን ተከተሉ። ወንዶቹ ሴቶቹን ተከተሉ። ያ ሁሉ ሰው እያለቀሰ በጠባቧ መተላለፊያ እንደ ውሃ ፈሰሰና ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ጓሮው ውስጥ የተገለበጡ ወንበሮችና የፈሰሰ ወጥ ብቻ ቀረ። ማንም አልሰመጠም።

አስፋልቱ ላይ ሊቀመንበሩ ላባቸውን እየጠረጉ ወደ እኔ መጡ። «በል ኢንጂነር፤ ባዶ ባይሆን ጉድህ ነው» አሉኝ። ከዚያም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስረግጥ መሬቱ ለስላሳ ነበር» አሉ። ይህን ማለታቸውን በኋላ ራሳቸው ክደዋል።

ሰኞ መሰርሰሪያው መጣ። በአጥሩ ማዶ፣ ከሮዙ ቀለም ወደ ጓሮው በተጠጋው በኩል፣ ብረቱ ሸክላውን እያጉረመረመ ገባ፤ ከዚያ ድምፁ ድንገት ተቋረጠና ብረቱ በራሱ ክብደት ብቻ ወረደ። መሪያችን እጁን አንሥቶ ሞተሩን አስጠፋ። በቀዳዳው ካሜራ ስንሰድ ያየነው የጡብ ግድግዳ ነው፤ ከብዙ ዘመን በፊት ለጅረቱ የተሠራ የውሃ መተላለፊያ። ሜዳው ሥር ጣሪያው ደህና ነበር። ወደ ጓሮው ሲዞር ጡቡ ተንዷል፣ አፈሩም ከላይ እየረገፈ ወርዷል። ከእማማ ጓሮ ሣር ሥር የቀረው ውፍረት የዳቦ ቅርፊት ያህል ነው አለ መሪያችን፤ ፈረንጅ በምግብ ሲመስል ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው።

ውስጡ ደረቅ ነበር። ጅረቱን ሰፈሩ ሲሠራ ወደ ሌላ ቦይ አዙረውታል።

«ታዲያ ድምፅ የሚሰጠው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ደረቅ ጉድጓድ ድምፅ የለውም» አለኝ። ወደ ሽቦዎቹ አገጩን ቀሰረ። «የምትሰማው እሱን ነው።» ማስቲካውን ማኘክ ቀጠለ። እኔም ለጊዜው አመንሁት። ይሁንና የሽቦ ድምፅ እርምጃ የለውም።

ቤተሰቡ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ልጅየዋ አፓርትመንት ተዛወረ። ጉድጓዱ በሲሚንቶ ድብልቅ ተሞላ። ድብልቁን የሚጭኑት መኪናዎች አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተተካ ሲገለብጡ ዋሉ፤ ከተሰላው እጅግ የበለጠ ገባ። ትርፉ የት እንደሄደ መሪያችንን ብጠይቀው «ሄደ» አለኝ። ሲደርቅ በጓሮው ውስጥ እኔ ራሴ ለካሁ፤ ወደ ተነሣሁበት ነጥብ እየተመለስሁ፣ ትንፋሼን ዋጥ እያደረግሁ። ንባቡ ተስተካክሏል። ምንም አልጎደለም።

አርባው ሲቃረብ ሊቀመንበሩ ደወሉልኝ። «እማማ ድንኳኑ እዚያው ቦታ ካልተተከለ ተዝካሩን አላወጣም ብለዋል። ሰው ደግሞ አልገባም እያለ ነው። ልጅቷ እንኳን እንዲተዉት እያለቀሰች ለመነቻቸው። ‹ያኔ ያላመንኩለትን አሁን ልመንለት፤ ሰውም እዚያው ተቀምጦ ይመንለት› ነው የሚሉ። አንተ ሞልቷል በል እንጂ፣ አፍህን አውጥተህ።»

«ሞልቷል፣ ጋሼ። ለክቼዋለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

በዚህ ጊዜ «ነኝ» አልሁ።

ኦክቶበር ብርዱ ገብቷል። ጎመኑ ጠቁሯል። ነጩ ድንኳን እንደ ቀድሞው ቆሟል፤ የጋዝ ማሞቂያዎች በየማዕዘኑ ተለኩሰዋል። ሰው መጥቷል፤ እንዲያውም ከለቅሶው ቀን ይበልጣል፤ ወሬው እስከ ብሉር ጎዳና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ድረስ ተዳርሶ ሊያይ የመጣ ሳይኖር አይቀርም። ግን ሁሉም የቆመው ጠርዝ ላይ ነው። ሳህኑን ይዞ፣ ጀርባውን ከአጥሩ አጣብቆ፣ ልጁን በኮሌታው ይዞ። መካከሉ በሙሉ ባዶ ነው፤ ነጭ ወንበሮች በሥርዓት ተደርድረው ማንም የለባቸውም። ከምሰሶው አጠገብ እማማ በጥቁር ልብስ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

ሊቀመንበሩ ከአጥሩ ሥር ሆነው «በል ኢንጂነር፣ የለካኸውን ረግጠህ አሳየን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አብረን እንግባ።»

«እኔ ሊቀመንበር ነኝ። ሊቀመንበር መጨረሻ ነው የሚሰምጠው።» ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ቶሎ ሞተ።

ባለቤቴ እጅጌዬን እንደያዘች አስታውሳለሁ። እሷ ደግሞ «ሂድ እንጂ» ብላ እንደገፋችኝ ትናገራለች። ብቻ ሄድሁ። ሣሩ ጠንካራ ነበር፤ ውርጭ ነክቶት ከጫማዬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ስሌቱን አውቃለሁ፤ ንባቡን በእጄ ወስጃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ እያንዳንዱን እግሬን ሳሳርፍ መሬቱ እኔን እየለካኝ ይመስለኝ ነበር። እማማ አጠገብ ደርሼ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ወንበሩ አልሰመጠም።

«ሞላ?» አሉኝ ወደ እኔ ሳይዞሩ።

«ሞልቷል፣ እማማ።»

«ሁሉም?»

ትርፉ ድብልቅ የሄደበትን አሰብሁ። «እኛ የደረስንበት ሁሉ» አልሁ።

አድበስብሶ መልስ የሚሰጥ ሰው እንደሚታይ አዩኝ፤ ቀጥለው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ወደ መሬት ጆሯቸውን ሰጡ። እኔም ሳላስበው አንገቴን አዘነበልሁ። አጥሩ ሥር ያለው ሰው ወሬውን አቆመ። ማንኪያ ቆመ። አንዲት እናት የልጇን አፍ በመዳፏ ያዘች። የማሞቂያዎቹ ጋዝ ብቻ ይነፋል፤ ያ ሁሉ ሰው፣ ሳይነጋገር፣ ከሥሩ አንድ ነገር እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር።

ባለቤቴ ዝምታው ቄሱ ለጸሎት ስለተነሱ ነው ትላለች፤ ፍርሃትም መስማትም አልነበረም ትላለች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው መቆማቸውን እኔም አስታውሳለሁ። የማስታውሳቸው ግን አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ እንደ ሁላችንም አንገታቸውን ወደ መሬት አዘንብለው ነው።